ሰዓቱን በግልጽ ጻፉት

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «መግለጫን በኢምባርጎ መላክ ጊዜው አልፎበታል» ይላል። ኢምባርጎ ማለት መግለጫውን ለጋዜጠኞች ቀድሞ ልኮ እስከ ተወሰነ ሰዓት እንዳያወጡት መስማማት ነው። አልስማማም። ካዛንቺስ አካባቢ በሕዝብ ግንኙነት ሥራ ዓመታት ቆይቻለሁ። መግለጫውን «ከዚህ ሰዓት በፊት እንዳይወጣ» ብለን ከሁለት ቀን በፊት ስንልክ፣ ጋዜጠኛው ሰነዱን ያነባል። ይጠይቃል። ሌላ ባለሙያም ያናግራል። እንዲህ የተሠራ ዜና መግለጫው በሚሰጥበት አዳራሽ ውስጥ በጥድፊያ ከተጻፈ ዜና ጋር በፍጹም አይወዳደርም።

የኛ አገር ትልቁ ጣጣ ሰዓት ነው። አንዴ «እስከ 9፡00» ብለን ላክን። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ማለታችን ነበር። አንድ ድረ ገጽ በፈረንጅ ሰዓት ቆጥሮት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ለቀቀው። ስድስት ሰዓት ሙሉ ቀደመ! ቃላቸውን የጠበቁት ጋዜጠኞች ተቆጡ፤ እውነታቸውን ነው። ጥፋቱ ግን የኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰዓቱንም ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር እንጽፋለን።

ደግሞ ኢምባርጎ ስምምነት ነው። ሳይጠይቁ ኢሜይል ላይ «ኢምባርጎ» ብሎ መለጠፍ ማንንም አያስርም። ቀድሞ መደወል ያስፈልጋል።

ለፖለቲካ ሲባል የሚጣለውን ኢምባርጎ ግን አልደግፍም። በ1945 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የዜና ወኪል የአሶሼትድ ፕሬስ ጋዜጠኛ ኤድዋርድ ኬኔዲ የጀርመንን እጅ መስጠት ከተፈቀደው ሰዓት ቀድሞ ዘገበ። የጀርመን ሬዲዮ ወሬውን አስቀድሞ ተናግሮት ነበር። ኬኔዲ ግን ሥራውን አጣ። ድርጅቱ ይቅርታ የጠየቀው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሰውየው ካረፈ ከብዙ ዓመት በኋላ። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።