ግልጽ ደብዳቤ፦ ከስክሪን አልወርድም ላልከው የህንድ ፊልም

ለ፦ ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ
ባለህበት (ማለትም ሙምባይ ማራታ ማንዲር ሲኒማ ቤት፣ ስልኬ ውስጥ፣ እና እህቴ ሪሞት የያዘችበት ቦታ ሁሉ)

ጉዳዩ፦ ቅሬታ ስለማቅረብ

እንዴት ሰነበትክ አልልህም፣ መሰንበትህንማ አገር ያውቀዋል። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 1995 ወጥተህ፣ ማራታ ማንዲር ላይ ወጥተህ ቀረህ። በ2014 መጨረሻ 1000ኛ ሳምንትህን አከበሩልህ፣ በ2015 መጀመሪያ ደሞ በቃ ይውረድ ሲሉ ሰው ተንጫጫና ወዲያው መለሱህ። ኪራይ ሳይጨምር ስንት ዓመት ኖሮ፣ አከራዩ ውጣልኝ ሲለው ሰፈሩ በሙሉ ተሰብስቦ የሚያማልድለት ተከራይ አለ አይደል፣ እሱን ነህ።

እኔ ሙምባይ አልሄድኩም፣ አንተ ነህ የምትመጣብኝ። ትንሽ ልተኛ ስል ቲክቶክ ላይ ያ ማንዶሊን ይጀምርና የሰናፍጭ ማሳው ቢጫ ሆኖ ብቅ ይላል፣ ሰውዬው እጁን ዘርግቶ ቆሟል፣ ልጅቷ ትሮጣለች፣ እኔ ደሞ ሳላስበው ሙሉውን ከፍቼ ሦስት ሰዓት ከምናምን አብሬህ አነጋለሁ። እና ሥራ የምገባው እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም።

በል ወደ ቅሬታዬ ልግባ።

ስለ ራጅ ነው መጀመሪያ፣ ስለ ዋናው ልጅ። ሰው ሁሉ ጨዋ ልጅ፣ ጨዋ ልጅ ይለዋል። የቱ ጋ ነው ጨዋነቱ? ስንተዋወቀው ኋላ የሚወዳት የሲምራን አባት ሱቅ ከተዘጋ በኋላ መጥቶ ራስ ምታት ነው መድኃኒት ስጡኝ ብሎ ሽማግሌውን ካስከፈተ በኋላ ቢራ አንስቶ ብር ወርውሮ የሚሮጥ ልጅ ነው። እሺ ልጅነት ነው እንበል። ስዊዘርላንድ ላይስ? ባቡር አምልጧቸው የሰው አገር ቀርተው፣ ልጅቷ ኮኛክ ጠጥታ፣ ጠዋት የሱን ሸሚዝ ለብሳ ስትነቃ ምን ሆንኩ ብላ ትጠይቀዋለች፣ እሱ ደሞ ነገር የተፈጠረ አስመስሎ ይቀልድባታል። ነፍሷ እስክትወጣ ካለቀሰች በኋላ ነው ኧረ ስቀልድ ነው፣ እኔ እኮ ህንዳዊ ነኝ፣ የህንድ ሴት ክብር ምን እንደሆነ አውቃለሁ ብሎ የሚምለው። እህ? ክብሯን የምታውቅ ከሆነ ቀልዱ ከየት መጣ? እዚች ጋ ስደርስ ሁሌም ስልኩን እወረውረዋለሁ (ሶፋው ላይ ነው፣ አትጨነቅ)።

በነገራችን ላይ ያን አውሮፓ በባቡር እንደዛ ስትዞሩት አንድም ሰው ፓስፖርት ሲጠይቃችሁ አላየሁም። እኛ ለሼንገን ቪዛ የባንክ ስቴትመንት ይዘን ቀጠሮ ስንጠብቅ ጸጉራችን ሸበተ፣ አንተ ዝም ብለህ ከተራራ ወደ ተራራ ትዘፍናለህ። የዳይሬክተርህ የአዲትያ ቾፕራ አባት ያሽ ቾፕራማ በፊልሞቻቸው ስዊዘርላንድን ለሰው ሲያስጎመጁ ኖረው ኢንተርላከን ላይ ሐውልት ቆሞላቸዋል። ሥራቸው ነው፣ ይገባቸዋል። እኛን ግን አስጎምጅተውን ቀሩ።

አሁን ወደ ዋናው። ያቺ ደብዳቤ። ከህንድ፣ ከፑንጃብ፣ የሲምራን አባት ጓደኛ ይጽፋል፣ ልጆቹ ገና ሕፃን እያሉ የተባባልነው ቃል ይፈጸም ይላል። አባትየው ባልዴቭ ሲንግ ደብዳቤውን አንቺ አንብቢው ብለው ለራሷ ለልጅቷ ይሰጧታል! የራሷን ሽያጭ ድምጿን ከፍ አድርጋ እንድታነብ ማለት እኮ ነው። መሃል ላይ ስትደርስ ድምጿ ይጠፋል፣ ተነስታ ትሮጣለች፣ አባትየው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? አፈረች! ደስ ብሏቸው ይስቃሉ ደሞ። ሲምራንን የምትጫወተው ካጆል እዛ ጋ ፊቷ ላይ የምታደርገውን ነገር እኔ በቃላት መግለጽ አልችልም፣ የ21 ዓመት ልጅ ነበረች ስትወጣ፣ አንጀቴን ነው የምትበላው።

እና አንተ ይሄን ሁሉ ታውቃለህ! የሚያናድደኝ እሱ ነው። ደደብ ፊልም ብትሆን እኮ እስቅብህና እተኛለሁ። ላጆ አለችህ፣ የሲምራን እናት። ማታ ልጇ አጠገብ ቁጭ ብላ የምትናገረው ንግግር አለ፤ እኔን ለወንድሞቼ ብለው ከትምህርት አስቀሩኝ፣ ሴት ልጅ ስወልድ አንቺ እንደኔ ለማንም መስዋዕት አትሆኚም ብዬ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር፣ ግን ሴት ልጅ ቃል የመግባት መብት እንኳን እንደሌላት ረሳሁት ትላለች። ከዛ ያችኑ ልጇን ደስታሽን ተይልኝ ብላ ትለምናታለች። እኔ ይሄን መጀመሪያ ያየሁት በአማርኛ ትርጉም ነው፣ ያው እንደምታውቀው አንድ ጎረምሳ ድምጽ ነው አባቱንም እናቱንም እጮኛውንም ጨዋታ አዋቂ አጎቱንም የሚሆነው፣ እና የላጆን ልቅሶ በዛ ወፍራም ድምጽ ሰምቼ እንኳን ቤቱ በሙሉ ጸጥ አለ፣ አክስቴ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ስትወስድ አይቻታለሁ። በትርጉም ድምጽ እንኳን አልተበላሸም እኮ!

ይቺው ላጆ ኋላ ላይ ወርቋን ሰብስባ በጨርቅ ጠቅልላ አምጥታ ለራጅ ትሰጠዋለች። ይዘሃት ጥፋ፣ ልጄን አድንልኝ። በፊልሙ ውስጥ አንድ አስተዋይ ሰው ተናገረ ማለት ነው። ራጅስ? አይሆንም፣ አባቷ በፈቃዳቸው እጇን ሲሰጡኝ ነው የምወስዳት። ሲኒማ ቤቱ ያጨበጭባል፣ እህቴ ታጨበጭባለች፣ ወይኔ ወንድ ማለት ይሄ ነው ትላለች። እሺ ጠለፋ መጥፎ ነው፣ እኔም ከማንም በላይ እስማማለሁ፣ ግን እዚ እኮ ልጅቷ እንሂድ እያለች ነው! እናቷ ወርቅ ይዛ ቆማለች! ልጅቷ እሺ አለች፣ እናት እሺ አለች፣ የቀረው ፈቃድ የማን ነው?

ቆይ እሺ ፈቃድም ካልክ፣ ሽማግሌ ላክ። የራጅ አባት አቶ ዳራምቪር ማልሆትራ ሀብታም፣ ተጫዋች፣ ልጄ ፈተና ወደቀ ብሎ የሚደሰት ሰው ነው፣ ከዚህ የተሻለ የሽማግሌ መሪ ከየት ይመጣል? እኛ ጋ ቢሆን ሁለት ጋቢ የለበሱ ሰውዬዎች ጨምሮ እሁድ ጠዋት በራቸው ላይ ይቆም ነበር፣ ልጅዎን ለልጃችን፣ አባትየው ቃል የሰጠሁት ሰው አለኝ ብለው ይመልሷቸዋል፣ በሳምንቱ ይመለሳሉ፣ በሦስተኛው ቁጭ በሉ እስቲ ይባላል። ይሄም ልጅቷን አይጠይቃትም፣ አውቃለሁ። ግን በአርባ ደቂቃ ያልቅ ነበር። አንተ ግን ልጁን ፑንጃብ ድረስ ልከህ በሐሰት ሰበብ ሙሽራው ቤት እንግዳ አድርገህ፣ ከአባትየው ጋር እርግብ እንዲመግብ፣ ከሴቶቹ ጋር ጓዳ እንዲገባ፣ ቤተዘመዱን አንድ ባንድ እንዲያስቅ ታደርገዋለህ። ሙሽራው ኩልጂት ዱርዬ ነው፣ ለሱ አላዝንም። እህቱ ፕሪቲ ግን ምን አደረገችህ? ልጁ ለኔ ነው ብላ ተስፋ አድርጋ፣ የራጅ አባት ሳያጣራ ደስ ብሎት ተስማምቶላት፣ ከዛ ሁሉም ሰው ወደ ባቡር ጣቢያ ሮጠና እሷ የት እንደገባች ዞር ብሎ ያየ የለም። ፕሪቲን መልሱልን።

ዘፈኖችህን ሳላነሳ ባልፍ ግን ግፍ ይሆንብኛል። ዜማ ደራሲዎቹ ጃቲንና ላሊት፣ ወንድማማቾቹ፣ ምን ነክቷቸው እንደሠሯቸው እንጃ፣ አናንድ ባክሺ ግጥሙን ጽፎ፣ ላታ ማንጌሽካር ደሞ ስልሳዎቹን አጋምሰው ለዛች ለጋ ልጅ ድምጻቸውን ሰጥተው፣ ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማው የ60 ዓመት ድምጽ ነው ያለኝ ሰው ካለ ይምጣ። የትርጉም ተራኪው እንኳን ዘፈን ሲመጣ አፉን ዘግቶ ይሰማል፣ ከሱ ሥራ ሁሉ ያ ዝምታ ደስ ይለኛል። ልክ ልናደድብህ ጫፍ ላይ ስደርስ ነው ዘፈን የምታስገባብኝ። ሆን ብለህ ነው አይደል?

ካርቫ ቻውት ላይም (ሴቶች ለባላቸው ብለው ቀኑን ሙሉ የሚጾሙበት የህንዶች በዓል ነው) እንደዛ ነው፣ ልጅቷ ለእጮኛዋ ብላ የጾመች መስላ ራሷን ስታ የወደቀች ታስመስላለች፣ የመጀመሪያዋን ውሃ የሚያጠጣት ራጅ እንዲሆን። ብልጥ! ለካ እሱም ቀኑን ሙሉ ጾሞ ኖሯል። እዚህ ጋ ሁሉንም ይቅር እልሃለሁ፣ የሸሚዙን ቀልድ ሳይቀር፣ ቢያንስ ለአስር ደቂቃ።

የባቡሩን ነገር ተው። ልጁ ደምቶ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ባቡሩ ተንቀሳቅሷል፣ አባትየውን የሚጫወተው አምሪሽ ፑሪ በነዛ ዓይኖቹ አፍጥጦ የልጅቷን እጅ ጨምድዶ ይዟል፣ እሷ እያለቀሰች ትለምነዋለች፣ እና እጇን ይለቅና ሂጂ ይላታል። አለቀ? ፊልሙን ሙሉ ስንጠብቀው የነበረው ሰውዬው ጣቶቹን እንዲፈታ ነው? ሁለት ሰው በራሱ እግር የትም መሄድ እየቻለ! እያልኩ እየተሳደብኩ፣ በሪሞቱ እያመለከትኩ፣ ሲምራን ያን ከባድ የሙሽራ ልብስ ይዛ ስትሮጥ እኔም ሶፋው ጫፍ ላይ መጥቻለሁ፣ ቅርብ ያለው በር ግቢ እንጂ አንቺ ልጅ፣ ሁሉም ፉርጎ እኮ በር አለው!

ስለዚ የምጠይቅህ ትንሽ ነገር ነው፦ ወይ ላጆን ዋና ገጸ ባህሪ አድርገህ ሁለተኛ ክፍል ውጣልኝ፣ ወይ ቢያንስ ሥራ ባለብኝ ቀን ከእሁድ ማታ በኋላ ስልኬ ላይ አትምጣ።

ከሰላምታ ጋር
ነገ ጠዋት ስብሰባ ያለባት ተመልካች

ግልባጭ፦
- ለአቶ ባልዴቭ ሲንግ (እርግቦቹን ከመገቡ በኋላ ይሰጣቸው)
- ለወይዘሮ ላጆ (በእጅ፣ ባልየው ሳያዩ)
- ለፕሪቲ፣ ከተገኘች
- ለባቡሩ ሹፌር፦ ወንድሜ፣ አንድ ደቂቃ ብትቆም ምን ነበረበት?