አጥር ውስጥ አደን የለም

ባለፈው ጥር ለጥምቀት ባሕር ዳር ገብቼ ነበር። ያረፍኩት ከሐይቁ ብዙ በማይርቀው ሰፈር እህቴ ቤት ነው። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ከጓሮ በኩል የውሻ ጩኸት ሰማሁ፤ ከጩኸቱ ስር ደግሞ ሌላ ቀጭን ሲቃ። ወጥቼ ሳይ የጎረቤት ልጅ አንዲት የቀበሮ ግልገል ከዋንዛ ግንድ ጋር አስሮ ውሻውን ይለቅባታል። አንድ ጆሮዋ ተተልትሏል።

«ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት።

«ውሻው ገና ልጅ ነው ጋሼ፣ እንዲደፍር ላለማምደው ብዬ ነው።» ፊቱ ላይ ክፋት አላየሁም። ግልገሏን ከገጠር ሰው ገዝቷት ነው።

የደነገጥኩት አዲስ ነገር ሆኖብኝ አይደለም። አሥራ አራት ዓመት በኖርኩባት ቨርጂኒያ ይህንኑ በትልቁ፣ በሕግ ፈቃድ ሲሠራ አይቼዋለሁ። አብሮኝ የጭነት መኪና የሚነዳ፣ ውሾቹን እንደ ልጆቹ የሚወድ ባልደረባዬ አንድ ቅዳሜ ወደ ግዛቲቱ ደቡብ ይዞኝ ሄደ። ሰፊ ጫካ ዙሪያውን በሽቦ ታጥሯል። ውስጡ ያሉት ቀበሮዎች ሌላ ቦታ በወጥመድ ተይዘው በመኪና ተጭነው የመጡ ናቸው። ውሾቹ ጎናቸው ላይ በቀለም ቁጥር ይጻፍባቸውና በአንድ ጊዜ ይለቀቃሉ፤ ዳኞች ደብተር ይዘው የትኛው እንደቀደመ፣ የትኛው ሳይታክት እንዳሳደደ ነጥብ ይሰጣሉ።

«ዓላማው መግደል አይደለም» አለኝ ባልደረባዬ። ለቀበሮዎቹ መደበቂያ ተዘጋጅቶላቸዋል፤ ውሾቹ ውጭ ቢሮጡ መኪና ይገጫቸዋል፣ የሰው መሬት ይገባሉ። ይህን ሲል ከልቡ እንደሆነ አምናለሁ። ግን ቀበሮ የምታመልጠው በእግሯ ብቻ አይደለም። አገሯን ስለምታውቅ ነው፤ ገደሉን፣ የወንዙን መሻገሪያ፣ የጉድጓዷን ሁለተኛ በር። እዚያ በማታውቀው መሬት ትጣላለች። ዛሬ ከአንዱ ሰው ውሾች ብታመልጥ ነገ የሌላው ይለቀቁባታል፤ አጥሩን ግን የትም አታልፈውም። ደግሞስ የሚሞት ከሌለ አዲስ ቀበሮ እየያዙ ማስገባት ለምን አስፈለገ?

ፍሎሪዳ እ.ኤ.አ. በ2010 ይህን አሠራር ከልክላለች። ቨርጂኒያ በ2014 ባወጣችው ሕግ አዲስ ግቢ እንዳይከፈት አገደች፤ የነበሩት ግን እስከ 40 ዓመት እንዲቆዩ ፈቀደች። አርባ ዓመት! የዱር ቀበሮ ዕድሜ ጥቂት ዓመት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ስንት የቀበሮ ትውልድ እንደሚያልቅ ሳስብ ያመኛል።

ጣጣው ከሽቦው ውጭም ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ለአደን ተብሎ ራኩን የሚባለው አውሬ ከደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ወደ ዌስት ቨርጂኒያና ቨርጂኒያ ድንበር ሲጓጓዝ የእብድ ውሻ በሽታ አብሮ ተጓዘ፤ ወረርሽኙም የምሥራቁን ጠረፍ አዳረሰ። በ1994 ደግሞ በቴክሳስ ኮዮቴዎች (ተኩላ መሰል አውሬዎች) ላይ የሚታወቀው የዚሁ በሽታ ዓይነት ፍሎሪዳ ውስጥ በውሾች ላይ ተገኘ። የመጣውም ለውሻ ማሠልጠኛ ከተጓጓዙ ኮዮቴዎች እንደሆነ ታመነ።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የለውም፤ የጎለመሱት ከ500 አይበልጡም፣ ከፊሎቹም እዚሁ ክልላችን ሰሜን ተራሮች ላይ ናቸው። ባሌ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 ከሰው ውሾች የተሻገረ በሽታ ፈጅቷቸዋል። ዋንዛው ስር የታሰረችው ተራ ቀበሮ ናት። ቢሆንም ያልተከተበ ውሻና የተነከሰች አውሬ፣ መሀላቸው ደግሞ እጁን የሚያስገባ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ!

አባቴ ነፍሱን ይማረውና በወጣትነቱ አዳኝ ነበር። ልጅ ሳለሁ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል ወስዶ ጉማሬ ከሩቅ ያሳየኝ ነበር። ሲፎክር የሚጠራው ግዳይ ዞሮ ሊገድለው ይችል የነበረውን ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ሚዳቋ በሰው ወጥመድ ተይዛ አገኘንና ይገድላታል ብዬ ስጠብቅ ቢላዋውን አውጥቶ ገመዱን ቆረጠላት። «የያዛት ገመዱ ነው፣ እኔ አይደለሁም» አለ። ቨርጂኒያ ያንን ሽቦ ሳይ ትዝ ያለኝ ይህ ነው።

ለልጁ ይህን ሁሉ ነገርኩት። አውሬ ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ እንደሚያስጠይቅም ጨመርኩ። አንገቱን ደፋ አድርጎ «ታዲያ ውሻዬን በምን ላሠልጥነው ጋሼ?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እንግሊዝ አገር ቆየት ያለ ዘዴ አለ፤ ሽታ ያለው ነገር በገመድ መሬት ለመሬት ይጎተትና ውሻው ዱካውን ይከተላል። እህቴ ለበዓሉ የታረደውን በግ ቆዳ ገና አልሰጠችም ነበር፤ ከእሱ ቆርጣ ሰጠችን።

ግልገሏን በማግሥቱ የዱር እንስሳት ባለሙያ መጥቶ ወሰዳት፤ ውሻውን ቶሎ እንዲያስከትብም ልጁን አጥብቆ አዘዘው። ከሰዓት በኋላ ቆዳውን በሐይቁ ዳር፣ በደንገሉ ጠርዝ እየጎተትን ሄድንና ታንኳ የሚጠግኑ ሰዎች አጠገብ ድንጋይ ስር ደበቅነው። ውሻው ሁለቴ ሳተው፤ በሦስተኛው አገኘው። ልጁ እንደ ሕፃን ዘለለ።

ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም ቪዲዮ ላከልኝ፤ አሁን ከሰፈር ሦስት ውሾች ሆነዋል። የቆዳው ሽታ እስከ ማግሥቱ እንዲቆይ ምን ቢቀባ ይሻላል ብሎ ጠይቆኛል። ያንን ባልደረባዬን እጠይቀዋለሁ።