ለፕሮፌሰሩ ከመጻፍህ በፊት ታይዋን ገበያ ግባ

ቅዳሜ ዕለት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ቡና ይዘን ሳለ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ስልኩን አቀበለኝ። «ቲቸር፣ ይቺን ይዩልኝ እስቲ።» አሜሪካ ላለ የሳይበር ደኅንነት ፕሮፌሰር የጻፈው ደብዳቤ ነው። ፒኤችዲ ፈልጎ። ደብዳቤው ያምራል። ግን ያንኑ ደብዳቤ፣ ስም ብቻ እየቀየረ፣ ለአርባ ሰው ልኮታል። የመለሰለት የለም።

«ማስተርስ ስለሌለኝ ይሆን?» አለኝ። አይመስለኝም። እኛ አገር ለዶክትሬት ማስተርስ ይጠየቃል። አሜሪካ ግን ብዙ የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍሎች በመጀመሪያ ድግሪ ለፒኤችዲ ይቀበላሉ። ጂአርኢ የሚባለውን የመግቢያ ፈተና የተዉትም ብዙ ናቸው። ትራንስክሪፕቱ፣ የድጋፍ ደብዳቤው፣ የእንግሊዝኛ ፈተናው እንደሆነ ሁሉም አመልካች ይዞት ይመጣል። (የማመልከቻው ክፍያ በዶላር መሆኑ ሌላ ጣጣ ነው። ጠይቁ፣ የሚምሩ አሉ።)

ልጁ ያላየው የፕሮፌሰሩን ኑሮ ነው። ሰውየው ረዳት ፕሮፌሰር ሆኖ ሲቀጠር ስድስት ዓመት ገደማ ይሰጠዋል። በዚያ ጊዜ ጽሑፍ ማሳተም፣ የምርምር ገንዘብ ማምጣት፣ ተማሪ ማብቃት አለበት። ካልሆነለት ቋሚነት የለም፤ ሻንጣውን ይሸክፋል። የተማሪውን ክፍያና የወር ወጪ ብዙውን ጊዜ የሚሸፍነውም ከዚያው ባመጣው ገንዘብ ነው፣ ለዚያውም ለአምስትና ስድስት ዓመት። «ጎበዝ ነኝ፣ ታታሪ ነኝ» የሚል ደብዳቤ ምን ያደርግለታል? የሚፈልገው የጀመረውን ጥያቄ አብሮት የሚገፋ ሰው ነው።

ጥያቄ ደግሞ ድሬ ሞልቷል፣ አቦ! ታይዋን ገበያ ግባ። ገዢው «ብሩን በስልክ ልኬያለሁ» ብሎ የስልኩን ስክሪን ለባለሱቋ ያሳያታል። እውነተኛ ይሁን የተቀናበረ በምን ትለየው? ወረፋ አለ፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል። ጎረቤቴን እማማን ደግሞ አንዱ ደውሎ «እናቴ፣ በስህተት ብር ልኬብዎታለሁ፣ ይመልሱልኝ» አላቸው። ከራሳቸው ላኩለት። የይለፍ ቃል የሰበረ የለም። የተሰበረው ይሉኝታቸው ነው። ስለዚህ ነገር ከአሜሪካው ፕሮፌሰር ይልቅ ልጁ ያውቃል፤ ግን ደብዳቤው ውስጥ አንድም ቃል አልጻፈበትም።

ይልቅ ምን አሰበ መሰላችሁ? የአንድ መሥሪያ ቤት ሲስተም ውስጥ ገብቶ ችሎታውን ሊያሳይ። ተው አልኩት። ያለ ፈቃድ መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 ያስጠይቃል። በዚያ መዝገብ ቪዛ ማግኘትም ይከብዳል።

እኛ መምህራንም ብንሆን ከሱ አንሻልም። የቅበላ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ አውቃለሁ። ግማሹ ሰዓት ማኅተም በመፈለግ ያልቃል። «ምን ሊያጠና ነው?» የሚለው ጥያቄ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ይነሳል።

ሰኞ ማታ አዲስ ረቂቅ ላከልኝ። ለአንድ ሰው ብቻ የተጻፈ ነው፣ ባለሱቋም እማማም አሉበት። ሥሩ ላይ «ቲቸር፣ ይሉኝታን በእንግሊዝኛ ምን ልበለው?» ብሎኛል። እስካሁን አልመለስኩለትም።