ልቡን በምን አየኸው?

እሁድ ማታ ነው፤ ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም። ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት አራት ሆነን ወጣን። ሊቨርፑልና አርሴናል 2 ለ 2 ተለያይተዋል። ሊቨርፑል ዋንጫውን ከሁለት ሳምንት በፊት ቶተንሃምን 5 ለ 1 አሸንፎ ስላረጋገጠ ውጤቱ ያን ያህል የሚያስጨንቅ አልነበረም። ሆዳችንን የበላው ሌላ ነው። በሁለተኛው አጋማሽ፣ ውሉ ሲያልቅ ክለቡን እንደሚለቅ የተናገረው የሊቨርፑሉ የቀኝ ተከላካይ ትሬንት አሌክሳንደር አርኖልድ ተቀይሮ ሲገባ የሊቨርፑል ሜዳ አንፊልድ በጩኸት ተቀበለው። የድጋፍ ጩኸት አይደለም። ኳስ በነካ ቁጥር የገዛ ደጋፊው ጮኸበት። እኛም ካለንበት ቤት አብረው የጮኹ ነበሩ፤ ከሁሉም አብልጦ የጮኸው ደግሞ ከአራታችን አንዱ ነው። ያወጣው ቃል «ባንዳ!» የሚል ነበር።

ይህ ወዳጃችን ባጃጅ ነጂ ነው። ሊቨርፑል እ.ኤ.አ. በ2005 ኢስታንቡል ላይ ከሚላን ሦስት ጎል ተቆጥሮበት ተነስቶ ዋንጫ ከወሰደበት ሌሊት ጀምሮ ሌላ ክለብ አያውቅም። ጨዋታ ባለ ቁጥር ከኋላው የትሬንት ቁጥር፣ 66፣ የተጻፈበትን ማልያ ይለብሳል። የዚያን ማታ ሳይለብሰው መጣ።

ወደ ሐይቁ ወርደን ሻይ ስናዝ ገና አልበረደለትም ነበር። ጋሼ ዝም ብለው ቆይተው ዞሩበት። ጋሼ በወጣትነታቸው ክለብ ውስጥ ተጫውተዋል፤ ዛሬ የሰፈር ልጆች ያሠለጥናሉ።

«ምን ነበር ያልከው አንተ ልጅ?»

«ባንዳ ነዋ፣ ጋሼ። ያውም ለመናገር የመረጠውን ቀን ይዩልኝ፤ ሚያዝያ 27! በአርበኞች ቀን ሥራ የለም ብዬ ተኝቼ፣ ስልኬን ስከፍት ‹እሄዳለሁ› ይላል።»

«እንግሊዝ አገር ያለ ልጅ ሚያዝያ 27ን በምን ያውቃል? ባንዳ ማለት ወገኑን ለጠላት ያስወጋ ነው። ቃሉን አታርክሰው። ይሄ ልጅ ውሉ አለቀ፣ ሄደ። በቃ።»

«የእኔ ጥያቄ መሄዱ አይደለም» አለ ባጃጅ ነጂው፤ እውነቱን ነው፣ ክርክሩን ያጣፈጠውም ይህ ነው። «ሳይሄድ ሄዶ ነበር ወይ ነው የምለው። ዓመቱን ሙሉ እግሩ አንፊልድ፣ ልቡ ማድሪድ። ከማንቼ ጋር የተጫወተውን አስታውሱ!»

ሁላችንም አስታወስን። ከገና ሁለት ቀን በፊት፣ ሜዳው በበረዶ በተከበበበት ቀን፣ ከማንችስተር ዩናይትድ ጋር፣ ያም 2 ለ 2 ያለቀ ጨዋታ ነው። ሪያል ማድሪድ ልጁን በጥር ለመውሰድ ጠይቆ ሊቨርፑል እምቢ እንዳለ የተወራው በዚያው ሰሞን ነበር። በእሱ መስመር ኳስ እንደ ልብ አለፈች፤ ሊያልቅ ሲል ተቀይሮ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ‹ልቡ ሸፍቷል› የሚለው ወሬ በየሻይ ቤቱ እንደ እውነት ተያዘ።

የባንክ ሠራተኛዋ ጓደኛችን የአርሴናል ደጋፊ ናት፤ ለሊቨርፑል ሰው ጠበቃ ትሆናለች ብዬ አልጠበቅሁም። «ልቡን በምን አየኸው?» አለችው። «አሰልጣኙ አርነ ስሎት ስለዚያ ጨዋታ ሲጠየቅ፣ ልጁን ያስቸገረው ወሬው ሳይሆን የማንቼዎቹ ብሩኖ ፈርናንዴዝና ዳሎ ናቸው ብሏል። በየቀኑ ልምምድ ላይ የሚያየው ሰው እንዲህ እያለ፣ አንተ ከሐዋሳ ልቡን አየህ? ደግሞ በሳምንቱ በኤፍኤ ካፕ አክሪንግተንን ሲገጥሙ አምበል ሆኖ ገብቶ ከርቀት ያገባው ጎልስ? እሱን ያገባው የትኛው ልቡ ነው?»

«አክሪንግተን!» አለ፣ የታችኛው ሊግ ቡድን ነውና ንቆ።

«እሺ ሌስተር። በፋሲካ ዕለት ከጉዳት ተመልሶ፣ ከተጠባባቂ ወንበር ተነስቶ፣ በግራ እግሩ ያገባት። 1 ለ 0። ማልያውን አውልቆ ወደ ደጋፊው ሲሮጥ ማን ነበር ወንበር ላይ ወጥቶ የጨፈረው?»

ወንበር ላይ የወጣው እሱ ራሱ ነበር። ሳቀ፤ ወዲያው ግን ፊቱን መለሰ።

እኔ ያኔ የዶርትሙንድ አጥቂ የነበረውን ሌቫንዶቭስኪን አነሳሁ። እ.ኤ.አ. በጥር 2014 ለባየር ሙኒክ እንደሚሄድ በይፋ ተነገረ፤ የቀረውን ግማሽ ዓመት ለዶርትሙንድ ተጫውቶ በ20 ጎል የቡንደስሊጋው ኮከብ ጎል አግቢ ሆኖ ጨረሰ። ፈርሞ እንኳ እንዲህ የሠራ ሰው አለ። ባጃጅ ነጂው ግን መልስ አላጣም፦ «ሌቫንዶቭስኪ ከፖላንድ የመጣ ሠራተኛ ነው። ይሄኛው የሰፈሩ ልጅ ነው። በስድስት ዓመቱ ገብቶ ሃያ ዓመት ያሳደገው ቤት ነው። እንግዳ ሲሄድ ‹በሰላም ግባ› ትለዋለህ፤ ልጅህ ሲሄድ ታለቅሳለህ።»

ይህን ሲል ማናችንም ወዲያው አልመለስንለትም። ንዴቱ የኳስ ሳይሆን የቤተሰብ ነው። ሊቨርፑል ባርሴሎናን 4 ለ 0 ባሸነፈበት ማታ፣ ተከላካዮቹ ሳይዘጋጁ የማዕዘን ምቷን በፍጥነት መትቶ ለኦሪጊ ያቀበለው ይሄው ልጅ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር የሰጠህ ሰው ሲሄድ ዝም ብለህ አትሸኘውም።

ጋሼ ግን አልተረቱም። «የሰፈር ልጅ ሲሄድ ለማየት አንፊልድ ድረስ ምን አስኬደህ? አዳነ ግርማ ከዚህ ተነስቶ አይደል ጊዮርጊስ የገባው? ሽመልስ በቀለስ? አዳነ እ.ኤ.አ. በ2013 የአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በዛምቢያ ላይ ሲያገባ ‹የሐዋሳ ልጅ ነው› ብለህ መንገድ አልወጣህም? ባንዳ አልከው?»

ከዚያ የራሳቸውን አወሩ፤ ለእኔ የዚያ ማታ ቁም ነገር ይህ ነው። በእሳቸው ዘመን የተጨዋች ዕድል ያለው መልቀቂያ በምትባል ወረቀት ላይ ነበር። ውላቸው ካለቀ በኋላ ሌላ ክለብ ፈለጋቸው፤ የነበሩበት ክለብ መልቀቂያ አልሰጥም አለ። ደሞዝ አይከፍል፣ አያሰልፍ፣ አይለቅ። አንድ ዓመት ሙሉ ቁጭ አሉ። «በሃያ አራት ዓመቴ አንድ ዓመት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? እግር እንደ አሳ ነው፣ ካደረ ይበላሻል።»

ባንከሯ ቦስማንን አነሳችላቸው። የቤልጂየሙ ተጨዋች እ.ኤ.አ. በ1990 ከሊዬዥ ጋር የነበረው ውል አልቆ ወደ ፈረንሳዩ ዱንኬርክ ሊሄድ ሲል ክለቡ ያዘው፤ ከሰሰ፤ በታኅሣሥ 1995 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ፈረደለት። ዛሬ ውሉ ያለቀ ተጨዋች ማንም ዋጋ ሳይከፍልበት የሚሄደው፣ ስድስት ወር ሲቀረውም ከሌላ ክለብ ጋር መነጋገር የሚችለው ከዚያ በመጣ ሥርዓት ነው። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለእኔ አልደረሰም እንጂ» አሉ።

ቀጥለውም ስለ ጉልበታቸው ነገሩን። የመጨረሻዎቹ ወራት የሚያስፈሩት በጉልበት ነው፤ ግንቦት ላይ ጅማት ብትበጥስ፣ ሰኔ ላይ ውል ከሌለህ፣ ማን ያሳክምሃል? «አንድ ኳስ ላይ እግሬን ሰብሰብ ያደረግሁበት ቀን አለ። ደጋፊው ‹ልቡ የለም› አለ። ልቤ ነበረ። ፈርቼ ነው።»

ባጃጅ ነጂው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሺ ጋሼ፣ ባንዳ ያልኩትን ትቻለሁ። ግን ዝምታውስ? የቡድን ጓደኛው ሳላህ በኅዳር ወጥቶ ውል አላቀረቡልኝም ብሎ ተናገረ፤ በሚያዝያ ፈረመ። ቫን ዳይክም ፈረመ። እሱ ብቻ እስከ መጨረሻው አፉን ዘጋ። ተስፋ አድርጌ ነበር እኮ እኔ!»

እኔ የምለውን ልናገር። አስተማሪ ነኝ። ከዓመታት በፊት በአንድ የግል ትምህርት ቤት ውሌ ሰኔ ላይ ያልቅ ነበር። ሌላ ቦታ ማመልከቴ በየካቲት ተሰማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተማሪ ቢወድቅ፣ ጠመኔ ቢያልቅ፣ አንድ ቀን ጉንፋን ቢይዘኝ ‹ልቡ እዚህ የለም› ተባልኩ። በዚያ ዓመት ያረምኩትን ደብተር ያህል በሌላ ዓመት አርሜ አላውቅም፤ የቆጠረልኝ ግን የለም። የሰው ልብ ከተጠረጠረ በኋላ ስህተቱ ሁሉ ማስረጃ ይሆናል፣ ልፋቱ አይታይም። ስለዚህ ከማንቼ ጋር በተጫወተው አንድ ክፉ ቀን ዓመቱን በሙሉ መፍረድ ግፍ ነው እላለሁ። ልጁ ለዚያ ክለብ 354 ጊዜ ተሰልፏል። የመጨረሻው ዓመት ደግሞ በሊግ ዋንጫ ነው ያለቀው።

በዝምታው ላይ ባጃጅ ነጂው ግማሽ እውነት አለው። ተስፋ አስደርጎ ማስቀረት ያማል። ግን በጥር ‹እሄዳለሁ› ቢል ኖሮስ? የዛሬው ጩኸት በጥር ይጀምር ነበር፤ ቡድኑ ለዋንጫ እየሮጠ ሳለ፣ በየሳምንቱ። ዋንጫው ከተረጋገጠ ከስምንት ቀን በኋላ መናገሩ ለእኔ ክህደት አይመስለኝም።

ቁጣ የሚገባው ሌላ ቦታ ነው። የመጨረሻ ውሉን የፈረመው እ.ኤ.አ. በ2021 ሲሆን የሚያበቃው 2025 ላይ መሆኑ ከመጀመሪያው ተጽፏል። የክለቡ አመራሮች አራት ዓመት ያውቁታል። የሦስት ታላላቅ ተጨዋቾችን ውል በአንድ ሰኔ እንዲያልቅ የተዉት እነሱ ናቸው። ዓለም ከሚያውቃቸው የቀኝ ተከላካዮች አንዱ በኋላ ለክለቦች ዓለም ዋንጫ ለሪያል ማድሪድ እንዲደርስ ሲባል ወደ 10 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ተከፍሎበት ብቻ ሄደ። ከዚህ በላይ ማግኘት የሚቻልበትን ጊዜ ያሳለፈው እግሩ አይደለም፣ ቢሮው ነው። አንፊልድ ግን ለቢሮው ሲጮህ አልሰማሁም።

ይህን ለባጃጅ ነጂው እዚያው ነገርኩት። ስለ አመራሮቹ ተስማማ፤ ስለ ዝምታው አልተስማማም፣ እኔም አልጨቀጨቅሁትም። ጋሼን መጀመሪያ ቤታቸው አደረሳቸው፣ ሂሳብም አልተቀበላቸውም።