ሰማይ አይታረስ፣ ጎረቤት አይከሰስ

ባለፈው ቅዳሜ በርበሬ አስጥተን ነበር። ፋሲካ ሳይደርስ ተቀንጥሶ፣ ተደልዞ፣ ተፈጭቶ ማለቅ አለበት። ሸራው ግቢውን ሞልቶታል። ጎረቤታችን ጋሼ በአጥሩ በላይ ብቅ አሉና «ኧረ አንሱት! ዛሬ ዶፍ ነው፤ ትንበያው ብሏል!» አሉ።

ሠፈሩ ተራወጠ። እኛ በርበሬውን ማዳበሪያ ውስጥ ሞጀርን። ማዶ ያሉት የታጠበ ጋቢያቸውን ከገመድ ላይ ገፈፉ። ጥግ ላይ ያለችው ሴትዮ ብቅሏን በሰፌድ በሰፌድ አስገባች። ከዚያስ? ምንም። ፀሐይዋ አናት እስክትበሳ ወጣች። ቀኑ ከሚባክን ብለን ከምሳ በኋላ መልሰን አሰጣን። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ በረዶ ወረደ። እኛ ሸራ ስንጎትት ጋሼ በረንዳቸው ላይ ስኒ ይዘው ቆመዋል።

«አላልኳችሁም?»

በረዶው አላናደደኝም። ደብረ ብርሃን ላይ በመጋቢት በረዶ ቢወርድ ማን ይገረማል? እኔን ያቃጠለችኝ ያቺ «ትንበያው ብሏል» የምትባለው ነገር ናት። ማን ነው ያለው? ለየትኛው አገር? ለስንት ሰዓት? ጋሼን ጠጋ ብዬ ጠየቅኋቸው። የልጅ ልጃቸው ስልክ ላይ ደመና ከነመብረቁ አይተዋል። ስልኩን ተቀብዬ አየሁት። ከደመናው በላይ «አዲስ አበባ» ይላል። 130 ኪሎ ሜትር ርቆ ላለ ከተማ የተሣለ ደመና ነው የእኛን በርበሬ ማዳበሪያ ውስጥ የከተተው።

የሙያው ሰዎች እኮ እንዲህ አይናገሩም። በልግ የሚባለው ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ነው። ወቅቱ ከመግባቱ በፊት የምሥራቅ አፍሪካ ባለሙያዎች በኢጋድ የአየር ንብረት ትንበያ ማዕከል በኩል ተሰብስበው ለቀጣናው ትንበያ ያወጣሉ። አገር ቤት ደግሞ የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። ትንበያው በሦስት ይከፈላል፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ለእያንዳንዱም ዕድሉ በመቶኛ ይቀመጥለታል። እንበልና ከመደበኛ በላይ የመዝነቡ ዕድል 45 ከመቶ ነው ከተባለ፣ ቀሪው 55 ከመቶ የሌሎቹ የሁለቱ ድርሻ ነው። ይሄ ወሬ ከሬዲዮ ወጥቶ ፀጉር ቤት ሲደርስ «ዘንድሮ ከባድ ዝናብ ነው» ይሆናል። ከፀጉር ቤት አረቄ ቤት ሲገባ «ጎርፍ ነው አሉ» ይባላል። ጋሼ ዘንድ ሲደርስ «አንሱት!» ሆኖ ቁጭ።

የበልግ ሰማይ ደግሞ ለባለሙያም ቢሆን የሚያስቸግር ነው። በሜድትራኒያን በኩል የሚያልፈው ቀዝቃዛ አየር አንዳንዴ ወደ ደቡብ ዘልቆ ይወርዳል። ከአረብ ባሕርና ከሕንድ ውቅያኖስ የመጣውን እርጥብ አየር ሲያገኘው ደመና ይቋጠራል። የእኛ ተራሮች ደመናውን ወደ ላይ ይገፉታል፤ ይዘንባል። ቅዝቃዜው አልፎ ሲሄድ ሰማዩ ይጠራል፣ ሌሊቱ ግን ጣት ያቆፍናል። ከዚያ ቀናት በደረቁ ያልፋሉ። ከዚያ ደግሞ ሌላው ይመጣል። ክረምት አንዴ ከገባ ገባ ነው፤ ታውቀዋለህ። በልግ ግን ሲያሻው የሚመጣ፣ ሲያሻው የሚቀር ነው። አባቶች «ሐምሌ ቢያባራ በጋ ይመስላል» ያሉት ለክረምቱ ነው። መጋቢትን ቢጨምሩበት ኖሮ ተረቱ አያልቅም ነበር።

ተረት ካነሳሁ አይቀር፣ እኔ የምወደው «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ነው። አጭር ነው፣ ቤት ይመታል፣ ክርክር ይዘጋል። ከሰማይ ጋር መሟገት ከንጉሥ ጋር የመሟገት ያህል ነው፤ አርፈህ ተቀመጥ ይላል። የእኛ ከተማ ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ላይ አይታለች። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ተብሎ ነው ደብረ ብርሃንን የቆረቆሯት። ንጉሥ ሰማይን አንብቦ ከተማ ሠራ ማለት ነው። ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያንም አሠርተው ከቀረው ዘመናቸው አብዛኛውን እዚሁ ኖሩ። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ! በኅዳር ውርጭ ስንት ድርብ ለብሰው እንዳደሩ የጻፈልን የለም። ከዚያ ወዲህ በዚህ ከተማ ሰማይ ማንበብ የሁሉም ሰው ሥራ ሆኗል። ልዩነቱ ንጉሡ ከተማ አቁመዋል። የዛሬዎቹ ቡና ይዘው «አላልኳችሁም?» ይላሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

በነገራችን ላይ ከሁሉም የማምነው የአክስቴን ጉልበት ነው። ጉልበቷን ሲቆረጥማት «ነገ ይጥላል» ትላለች። ብዙ ጊዜ ይጥላል። ሳይጥል ሲቀር ደግሞ «እኔን ቆረጠመኝ እንጂ እናንተን ምን አደረጋችሁ?» ብላ ትገላግለናለች።

ሌላው የሚገርመኝ «ሰሜን ሸዋ ነገ ብርድ ነው» የሚለው ሰው ነው። የትኛው ሰሜን ሸዋ? የመንዙ ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ጭላዳ ዝንጀሮ እንኳ ያን ሁሉ ጎፈር ተሸክሞ ነው የሚኖርበት። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ ጋቢ የለበሰ ሰው ካየህ መንገደኛ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። እንግዲህ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ስትወርድ 10 ዲግሪ ገደማ ትጨምራለህ ማለት ነው። በአንድ ዞን ውስጥ፣ ያውም በአንድ ሚኒባስ!

ስለ ሚኒባሱ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ጠዋት ከመናኸሪያ ስንነሳ ብርድ ነው፤ መስኮቱ ይዘጋ፣ ደግ። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦታል፤ ይዘጋ፣ ደግ። ዋሻውን አልፈን፣ ደብረ ሲናን ጥለን ቁልቁል ስንወርድ ግን ነገሩ ይለወጣል። ጃኬት ይወልቃል፣ ሹራብ ይወልቃል፣ ላብ በጀርባ ይወርዳል። መስኮት? «ኧረ ዝጋው ልጄ፣ ንፋስ ይመታኛል!» ከኋላ ደግሞ «ሕፃን አለ!» ሕፃኑ ቲማቲም መስሏል። ከፊቴ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን አፍና አፍንጫቸው ላይ አጣፍተው፣ በሌላው እጃቸው በቲኬቱ ፊታቸውን ያራግባሉ። በወረቀት የሚመጣው ንፋስ ይፈለጋል፣ በመስኮት የሚመጣው ይገድላል። እኔ በዚያ መንገድ ንፋስ የመታው ሰው አላየሁም። በላብ ተዘፍቆ፣ የሌላውን ሳል ተጋርቶ በማግሥቱ የተኛ ግን ስንቱን ልቁጠር?

አሁን ቀልዱን ልተወው። ባለፈው ሳምንት ካፌ ተቀምጠናል። ውጭ ካፊያ ጀምሯል። አጠገባችን ያለ ጎረምሳ ነጭ ጫማውን በሶፍት እየጠረገ «ኧረ ይሄ ዝናብ ደበረኝ! በዚህ ወር ደግሞ ምን አመጣው?» አለ። ጓደኞቹም ተቀባበሉት። «አስጠላን»፣ «በቃ ብርድ ብቻ»፣ «አዲስ አበባ እንኳ እንዲህ አይደለም»። በሩ ጋ አንድ ገበያ የወጡ አባት ሻይ ይጠጣሉ። ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈዋል፤ እግራቸው ላይ ጭቃው ገና አልደረቀም። ቀና ብለው ልጁን አዩት። ምንም አላሉም። ስኳሩን አማሰሉ።

ምን ይበሉት? መንዝ፣ ሞጃና ወደራ፣ ጣርማ በር፣ አንኮበር ደጋው ላይ ያለ ገበሬ ብዙ ቦታ ኑሮው የበልግ ገብስ ነው። የመኸሩን ሰብል ውርጭ ይመታዋል፣ ክረምቱ ሲበዛ ማሳው ውኃ ይተኛበታል። ስለዚህ ይሄን አንተን ያስጠላህን ካፊያ እሱ ከጥር ጀምሮ እያንጋጠጠ ነው የጠበቀው። ቢዘገይ ዘሩ አፈር ውስጥ ይቀራል። ጀምሮ ቢቋረጥ ቡቃያው ይጠወልጋል። ለእሱ «ከመደበኛ በታች» ማለት በግ መሸጥ ነው። ለአንተ ጫማ ነው። ጫማ! ገብሱ ሲወደድ ደግሞ «በሶ እንኳ ተወደደ» ብለህ ቀድመህ የምትጮኸው አንተው ነህ። ትንበያ በየስልኩ በሞላበት ዘመን፣ ከማንም በላይ ትንበያ የሚያስፈልገው ሰው ከገበያ ወሬ ሰምቶ ይዘራል። እኛ ደግሞ ያለንን ትንበያ ነገ ሸራ ጫማ ይደረጋል ወይስ ቡትስ ለማለት እንጠቀምበታለን።

ንዴት ንዴትን ይጠራል። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ዘመዶችስ? የአጎቴ ልጅ ለጥምቀት መጣ። «ልብስ ያዝ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው» ብዬ ደወልኩለት። «ኧረ እኔ ብርድ አልፈራም» አለኝና በቲሸርት መጣ። ማታውኑ ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ጋቢዬን አለበስኩት። እናቴ በእጇ ፈትላ ያሸመነችው ጋቢ ነው። ሲመለስ እንደለበሰው መኪና ውስጥ ገባ። «በሚቀጥለው ሳምንት በሰው እልካለሁ» አለ። ሳምንቱ አልደረሰም። ፌስቡክ ላይ ግን ጋቢዬን አየሁት። እሱ ደርቦት፣ አንድ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ፣ «ባህሌ ኩራቴ» ብሎ ጽፎበታል። ከሥር አንዷ «ዋው፣ ከየት ገዛኸው?» ብላ ጠይቃለች። በልብ ምልክት መለሰላት።

ወደ ትንበያው ልመለስ እንጂ፤ ጋሼን በርበሬ ላይ ትቻቸው መጣሁ። ብቻ «ትንበያው ብሏል» የሚል ሁሉ የትኛው ከተማ እንደሆነ አብሮ ይንገረን። ከተቻለም ሰዓቱን። መቶኛውን ይቅር፣ አላስቸግርም።

ለአጎቴ ልጅ ግን የራሴ ትንበያ አለኝ። በመጪዎቹ አሥር ቀናት ከደብረ ብርሃን በኩል የሚደወልልህ ስልክ ከመደበኛ በላይ ይሆናል፤ ከቦታ ቦታም ነጎድጓድ የቀላቀለ ነው። ጋቢውን በፌስታል ጠቅልለህ መናኸሪያ ለሹፌር ስጠው። የማድረሻውን እኔ እከፍላለሁ።