ዓሣው ጠግቧል፣ የተራብኩት እኔ ነኝ

እስቲ ዛሬ ብሶቴን ልተንፍስ። ሰኔ ሲጋመስ ስልኬ ዕረፍት ያጣል። «ነፍሳቱ ወጥተዋል፣ ዓሣው አብዷል፣ ቶሎ ና!» እዚህ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ከሴንት ፖል ሬድ ዊንግ ከተማ፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር፣ አንድ ሰዓት ገደማ ይነዳል። እሄዳለሁ። ዓሣው እውነትም አብዷል። የኔን መንጠቆ ግን ዞር ብሎ የሚያይ የለም።

ጣጣው ሁሉ የሜይፍላይ ነው። ይሄ ነፍሳት አንድ ዓመት ገደማ ወንዙ ሥር ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ይኖራል። አንድ ቀን ሊመሽ ሲል ለቁጥር የሚያታክት ሆኖ ሽቅብ ይነሳል። ክንፍ ያወጣል፣ እንቁላሉን ይጥላል፣ በአንድ ሁለት ቀን ይሞታል። ክንፍ ካወጣ ወዲያ የሚበላበት አፍ እንኳ የለውም። እሱ አይበላም፣ እሱን ግን ሁሉም ይበላዋል።

ዎልአይ የሚባለው ዓሣ በድንግዝግዝ የሚያይ ዓይን ስላለው ራት የሚፈልገው በዚያችው ሰዓት ነው። ከጭቃው የሚነሳውን እየጠበቀ ይለቅማል። እኔ ትል በመንጠቆ ሰክቼ ከአፍንጫው ሥር አወርድለታለሁ። ምን በወጣው! ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የሚኒሶታ ግዛት መለያ ዓሣ ስለተባለ ነው መሰለኝ የሚኮራብኝ። እንደ ምንም አንድ ሲያዝ ደግሞ ሆዱን ስሰነጥቀው ግራጫ ሊጥ ይዘረገፋል። ቢላዬ ጫፍ ላይ እግሩም ክንፉም ገና ያልተፈጨ አለ። ይሄ ፍጥረት ለምን ብሎ የኔን ትል ይጎርሳል?

ስሞልማውዝ ባስ የሚባለው ሌላው ዓሣ ደግሞ ይብሳል። እሱ ፊት ለፊት ነው የሚያናድደው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ውሃውን ወደ መርከብ መንገዱ እንዲገፉ የተሠሩ የድንጋይ ክትሮች አሉ። እዚያ ጫፍ ላይ ይቆምና ቿ! ቿ! እያለ ከላይ ይለቅማል። የላስቲክ ነፍሳቴን እዚያው መሀል እጥላለሁ። ቀረብ ይላል፣ ያያል፣ አጠገቡ ያለውን እውነተኛውን ይውጥና ይሄዳል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።

«ቀለሙን ጨለም አድርገው»፣ «አሳንሰው»፣ «ነፍሳቱ ወዳልወጡበት፣ ወደ ላይኛው ወንዝ ሂድ» የሚሉኝ አሉ። የመጨረሻው እውነት አለው፣ አልክድም። ግን ነፍሳት ወደሌሉበት የምሄድ ከሆነ «ነፍሳት ወጥተዋል ና» ብሎ መጥራት ምን የሚሉት ነው?

ደግሞ እኮ ዓሣ ማጣት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። የእጅ ባትሪ ካበሩ አለቀ። ነፍሳቱ አንገት ውስጥ፣ ጆሮ ውስጥ፣ የቡና ስኒ ውስጥ ይገባሉ። ነዳጅ ማደያው መብራት ሥር ተከምረው ሲረገጡ እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻሉ። የመኪናው መስታወት ላይ የተፈጠፈጡትን በመጥረጊያው ልጥረግ ያለ ሰው ጭራሽ መንገዱን አያይም፣ ቅባት ነው የሚሆኑት። በማግስቱ ፀሐይ ሲመታቸው ሽታው የሞተ ዓሣ ነው። ዓሣ ሳልይዝ ዓሣ ዓሣ ስሸት የምውለው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። አጋነነ እንዳትሉኝ፤ በጁላይ 2014 እ.ኤ.አ. ላ ክሮስ ከተማ ያለው የአየር ትንበያ ራዳር ላይ ልክ እንደ ዝናብ ታይተዋል። ድልድይ በበረዶ መጥረጊያ መኪና የተጠረገበትም ጊዜ አለ።

አንዱ ወዳጄ «ደስ ይበልህ፣ ወንዙ ንጹሕ ለመሆኑ ምልክት ነው» ይለኛል። ልክ ነው። ድሮ የሁለቱ ከተሞች፣ የሚኒያፖሊስና የሴንት ፖል፣ ፍሳሽ ውሃውን አየር አሳጥቶት ከዚያ በታች ነፍሳቱ ጠፍተው ነበር፣ የተመለሱት ፍሳሹ መጣራት ከጀመረ በኋላ ነው። ለወንዙ ደስ ብሎኛል። መኪናዬን የሚያጥበው ግን ወንዙ አይደለም።

በዚህ ላይ የሰኔ ጾም አለ፣ እስከ ሐምሌ 5። እናቴ ከአዲስ አበባ ትደውላለች። «ልጄ፣ ዓሣም ቢሆን በጾም አይበላም፣ አደራ!»

«እማዬ፣ መጀመሪያ ይያዝልኝ።»

ባለቤቴ ቀድሞ ነገር ማቀዝቀዣ ሳጥኑን ባዶውን ለምን እንደምወስደው አልገባትም። የሱቅ ቲላፒያ ገዝታ ትጠብቀኛለች። ያውም የተጠበሰ!

እና ወዳጆቼ፣ ነገ ደግሞ «ዓሣው አብዷል» ብላችሁ ልትደውሉ ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ የመኪና ማጠቢያውን ላኩልኝ።