አብሽሩ፣ ሲስተም የለም

ደሴ ላይ መስኮት ፊት ተሰልፎ «ሲስተም የለም፣ አብሽሩ» ያልተባለ ካለ፣ ወይ ገና ጦሳን አልተሻገረም፣ ወይ ቀኑ እሁድ ነው። ለዚህች ቃል የሚደክሙ ባለሙያ ከጀርባ አሉ፤ ምርቃቱን ግን ሁልጊዜ ኔትወርኩ ይወስድባቸዋል። ዛሬ ለባለቤቱ ይድረስ።

እኚህ ሰው ጌትዌዩን፣ ማለትም ከሲስተሙ ደጃፍ ቆሞ ገቢውን የሚፈትሸውን በረኛ፣ ያዋቀሩት በትሕትና ነው። ደንበኛው ይዞት የሚመጣው ቶክን፣ ማለትም ዲጂታል የይለፍ ወረቀቱ፣ በነጥብ የተለያዩ 3 ክፍሎች አሉት፤ ራስጌ፣ ይዘት፣ ፊርማ። ፊርማውን ለማመሳከር የሚያስፈልገው የሰጪው ሰርቨር ይፋዊ ቁልፍ ብቻ ነው። አንዴ ወርዶ ጌትዌዩ ላይ ቢቀመጥ ሥራው እዚያው በዓይን ጥቅሻ ያልቃል። ባለሙያችን ግን ማኅተም አይቶ ማመንን ድፍረት ይሉታል። ስለዚህ ለእያንዳንዷ ጥያቄ 401 ኪሎ ሜትር ተሻግረው ሰጪው ሰርቨር ያለባትን አዲስ አበባን «ይሄ ሰው የእናንተ ነው?» ይላሉ። አንድ ገጽ 20 ጥያቄ ቢልክ፣ ደርሶ መልሱም 80 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ፣ ተራ በተራ ሲሄዱ 1.6 ሰከንድ ለሰላምታ ብቻ ዋለ። ወሎ ላይ ሰላምታ አይቸኮልበትም። መንገድ ላይ አንድ ኤክስካቫተር ፋይበሩን የነካው ቀን ደግሞ ሠራተኛው ከአቦል እስከ በረካ ሳይነሳ ይጠጣል፤ ከዚህ በላይ ውለታ የት ይገኛል?

ወቀሳው ሲበዛ ማረጋገጡን ወደ ደሴ አወረዱት። ከእሱ ጋር እንግዳ ተቀባይነታችንም ወረደ። ጌትዌዩ በየትኛው ስልተ ቀመር እንደሚያመሳክር ራሱን ቶክኑን ይጠይቃል! እንግዳው ራስጌው ላይ «ነን» (none) ብሎ ከጻፈ፣ ማለትም ፊርማ የለኝም ካለ፣ «ቤት ለእንግዳ!» ይባላል። በግል ቁልፍ ተፈርሞ በይፋዊ ቁልፍ የሚመሳከረውን አርኤስ256፣ በአንድ የምሥጢር ቁልፍ በሚፈረምበትና በሚመሳከርበት ኤችኤስ256 ተክቶ ከመጣም፣ ለማንም የሚታደለው ይፋዊ ቁልፍ የምሥጢር ቁልፍ ሆኖ ያገለግለዋል። ይህ ቀዳዳ በ2015 እ.ኤ.አ. አደባባይ ወጥቷል፤ መድኃኒቱም ውቅሩ ላይ «አርኤስ256 ብቻ» የሚል አንድ መስመር ነው። ለእንግዳ ግን እንዲህ ይባላል እንዴ?

«ኤዩዲ» የሚለውን፣ ቶክኑ ለማን እንደተሰጠ የሚናገረውን መስክም አያዩም። የምሳ ምናሌ ለማየት የተሰጠ ቶክን የደመወዝ መዝገቡንም ይከፍታል። ሁሉም ዘመድ ነው።

ቁልፉን ደግሞ በእጃቸው ገልብጠው ለጥፈውታል። አዲስ አበባ ቁልፍ የቀየረ ዕለት፣ ባቲ ገበያ በሚቆምበት ሰኞ ማለዳ፣ ጌትዌዩ ለሁሉም «ማንነትህ አልተረጋገጠም» የሚለውን ኮድ 401 ይመልሳል፤ ኪሎ ሜትሩን የረሳ ካለ ለማስታወስ ይመስላል። የቁልፎቹን ዝርዝር ከሰጪው አድራሻ እየወሰደ እንዲያስቀምጥ፣ «ኪድ» የተባለው የቁልፍ መለያ አዲስ ሲሆንበት እንደገና እንዲያወርድ ማድረግ ይቻል ነበር። ያውም በየደቂቃው ሳይሆን በልክ፤ አለበለዚያ የፈጠራ መለያ የሚልክ ተንኮለኛ ቀኑን ሙሉ ያመላልሰዋል።

የሰዓቱ ነገር ግን ለብቻው ሽልማት ይገባዋል። የቶክን ማብቂያ የሚቆጠረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ በሰከንድ፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ባትሪው የሞተበትን ሰርቨር ሰዓት እኚህ ሰው ግድግዳ አይተው ይሞሉታል። ቀትር ነው፣ ስድስት ሰዓት ይላል፤ 6:00 ብለው ጻፉ። ሰርቨሩ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ። «ከዚህ ሰዓት በፊት አልሠራም» የሚል መስክ ያለው አዲስ ቶክን «ገና አልተወለድክም» ተብሎ ይባረራል፤ መስኩ የሌለው ደግሞ ረፋድ ላይ ቢያበቃም እስከ አመሻሽ ይነግዳል። ሰዓትን በኔትወርክ የሚያስተካክለውን ኤንቲፒ አብርቶ 60 ሰከንድ ልዩነት መፍቀድ በቂ ነበር። እሳቸው ቅሬታውን ለማብረድ ልዩነቱን 6 ሰዓት አደረጉት፤ ቅሬታውም በእርግጥ በረደ።

እንዲህ ያለ ቶክን አንዴ ከወጣ መልሶ መጥራት አይቻልም፤ ዕድሜው ከ5 እስከ 15 ደቂቃ የሚደረገው፣ ለከባድ ሥራም የተሰረዙ ቶክኖች ዝርዝር የሚያዘው ለዚህ ነው። ባለሙያችን ደንበኛ እንዳይንገላታ ብለው 1 ዓመት ሰጥተውታል። ባለፈው ወር የተሰናበተው ሠራተኛ ሐይቅ ዳር ዓሣውን እየበላ በስልኩ ክፍያ ያጸድቃል። አድራሻውን ያየ የለም፤ ፊርማው ትክክል ነው።